ዝም የሚለው ደንብ

ደንቡ ከመጻፉ በፊት በቤቱ ውስጥ ከኢንተርኔት ጋር የሚነጋገሩ ስድስት ዕቃዎች ነበሩ፤ የባልና የሚስት ሁለት ስልኮች፣ አንድ ኮምፒውተር፣ ሳሎን ያለው ቴሌቪዥን፣ የአማቲቱ ስልክ፣ እንዲሁም በአማቲቱ አልጋ ራስጌ የተቀመጠች ነጭ ሣጥን። ስድስቱም የትም ከመሄዳቸው በፊት ስም ይጠይቃሉ። ማሽን ስም አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። ስለዚህ ስልኩ አንድ ገጽ ከመክፈቱ በፊት «የዚህ ስም ባለቤት ቁጥሩ ስንት ነው?» ብሎ ወደ ውጭ ይልካል፤ ውጭ ያለ መላሽ ቁጥሩን ይነግረዋል። ከአርብ በፊት ስድስቱም የፈለጉትን መላሽ ይጠይቁ ነበር። ተው የሚላቸው አልነበረም።

አርብ ከሥራ እንደተመለሰች ድገሙት ይህን ሥርዓት ለወጠችው።

ድገሙት እውነተኛ ስሟ አይደለም። የምትሠራው ውሃ ምርመራ ክፍል ነው፤ ማንም ውጤት ይዞ ሲመጣ ቀና እንኳ ሳትል «ድገሙት» ትላለች። ቅጽል ስሙ ከመሥሪያ ቤት ተከትሏት ቤቷ ገባ። አሁን አማቷም በዚያው ነው የምትጠራት።

ያስለወጣት ባሏ ነው። ባሏ የሊፍት ጥገና ሠራተኛ ነው፤ እጁ ከብረት ጋር ሲሆን የተረጋጋ፣ ከስልክ ጋር ሲሆን ግን ሌላ ሰው። የኳስ ቤቲንግ ከያዘው ሁለት ዓመት ሆኖታል። መጀመሪያ ሳቀበት፣ ቀጥሎ ደበቀው፣ በመጨረሻ ራሱ መጣና ወጥ ቤት በር ላይ ቆሞ፣ «ቆልፊብኝ» አላት። «ቁልፉን ደግሞ እንዳትሰጪኝ። ብለምንሽም፣ ብቆጣሽም።» የስልኩን ዳታ ራሱ ሄዶ አዘጋ። ቤቲንግ ቤት ያለበትን መንገድ ትቶ በሌላ ዞሮ መግባት ጀመረ። የቀረው የቤቱ ዋይፋይ ነበር።

ድገሙት ያረጀ ላፕቶፕ ከቁም ሣጥን አወጣችና የቤቱ ብቸኛ መላሽ አደረገችው። ዕቃዎቹ ስም ሲጠይቁ እሱን እንዲጠይቁ፤ እሱም የቤቲንግ ስም ሲጠየቅ «አላውቀውም» እንዲል። ግን ስልክ ብልጥ ነው፤ የቤቱን መላሽ አልፎ ውጭ ያለውን መጠየቅ ይችላል። ለዚህ ነው ደንቡ ያስፈለገው። ዋይፋዩን በሚያሰራጨው ራውተር ውስጥ ፋየርዎል የሚባለው ዘበኛ ላይ አንድ መስመር ጻፈች፤ ከላፕቶፑ ያልመጣ ማንኛውም የስም ጥያቄ ከቤት አይውጣ። ዘበኛው ሁለት ምርጫ ሰጣት። አንደኛው «እምቢ በል» የሚል ነው፤ ጠያቂው መከልከሉን ወዲያው ይነገረዋል። ሁለተኛው «ጣል»፤ ጥያቄው ይጣላል፣ መልስ የለም፣ ድምፅ የለም። ድገሙት «ጣል»ን መረጠች። ለሚያንኳኳ ሁሉ መልስ መስጠት በር መኖሩን መንገር መሰላት።

ከጎኑ ቆጣሪ ጨመረች። ቆጣሪው ስንት ጥያቄ እንደተጣለ ብቻ ይቆጥራል፤ የማን እንደሆነና ምን ስም እንደነበር አይዝም። ይህም የባሏ ልመና ነበር፦ «ምን እንደፈለግኩ እንዳታዪብኝ፤ አፍራለሁ።» ቃል ገባችለት። ድገሙት ቃሏን የምትጠብቀው በማስመሪያ እየለካች ነው።

ከዚያ ሞከረች። ስልኮቹ ይሠራሉ። ቴሌቪዥኑ ይሠራል። የነጯ ሣጥን መብራት አረንጓዴ ነው፤ ከአማቷ ክንድ ላይ ከተለጠፈው መለኪያ የምትቀበለውን የደም ስኳር መጠን በየአምስት ደቂቃው ወደ ድገሙት ስልክ ትልካለች።

«ጨረስኩ» አለች።

«አትደግሚውም?» አላት ባሏ እየሳቀ።

«ምኑ ይደገማል? ይኸው ይሠራል አይደል።»

ቅዳሜ ሥራ ግማሽ ቀን ነው። ሁሉም የሚያወራለት የዋንጫ ጨዋታ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ነው። ባሏ ዕረፍት ላይ ነበር፤ ቤት፣ ከእናቱ ጋር። ድገሙት ናሙና የያዙትን ትንንሽ ጠርሙሶች እየደረደረች በአንድ ዓይኗ ስልኳን ታያለች። የራውተሩ አፕ ቆጣሪውን ከየትም ሆና ያሳያታል። ከቤት ስትወጣ ዜሮ ነበር። አሁን ሃምሳ ሰባት ሆኗል።

«ስልክሽ አሞታል እንዴ?» አላት ሽበቱ። ሽበቱ ጡረታው የደረሰ የክፍሉ አንጋፋ ነው፤ ጸጉሩ የነጣው ከድገሙት ጋር መሥራት ከጀመረ ወዲህ ነው እያለ ለሰው ያወራል።

«ለምን ጋሼ?»

«በየደቂቃው ትኩሳቱን ትለኪያለሽ።»

ስልኳን ኪሷ ከተተችና መልሳ አወጣችው። ሃምሳ ዘጠኝ። ባሏ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ቀኝ እግሩን እያንቀጠቀጠ፣ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በሐሳቧ ታያት። እግሩ የሚንቀጠቀጠው እንዲህ ሲሆን ነው። ሰው በገዛ እጁ ያስቆለፈውን በር ሃምሳ ዘጠኝ ጊዜ ያንኳኳል?

ሌላውን አፕ ከፈተች። የአማቷ ስኳር፣ በትልቁ ተጽፎ፣ መቶ አራት። እሷስ ደህና ናት። ዘጋችው።

ልደውልለት? አለች በልቧ። ደውዬ ምን እላለሁ? አይቼሃለሁ ልበለው? ላለማየት ቃል ገብቼ የለ። ደግሞ ከደወልኩ ይለምነኛል፤ ከለመነኝ ደግሞ… አልደወለችም። የተቆለፈው በር ይንገረው ብላ ተወችው። ሦስት ጠርሙስ ለካች፤ አንዱን ያለ ክዳን አስቀምጣ ረሳችው፤ እንዲህ ያለ ነገር አድርጋ አታውቅም። ቆጣሪው መቶ ዘጠና ገባ። ተናደደች። የስኳሩን አፕ ደግማ ከፈተች፤ ቢያንስ አንዲት ጥሩ ነገር ለማየት። መቶ አራት። ዘጋችው።

ረፋዱ አልቆ ቆጣሪው አራት መቶ ሲያልፍ የሚያንኳኳው ሰው አሳዘናት። ከማሳዘኑ ደግሞ አስፈራት። ጨዋታው እንኳ ገና አልተጀመረም።

ሽበቱ የክሎሪን ውጤት ይዞ መጣ። «ይኸው እመቤት። ዜሮ ነጥብ አርባ ሁለት፣ ዜሮ ነጥብ አርባ ሁለት፣ ዜሮ ነጥብ አርባ ሁለት። የሚያምር ሥራ።»

«ሦስቱም ከአንድ ቧንቧ ናቸው?»

«ኧረ! አንዱ ከላይኛው ሰፈር፣ አንዱ ከገበያው፣ አንዱ ከሆስፒታሉ።»

«ድገሙት።»

«ይኸው! ስትሞቺ መቃብርሽ ላይ ‹ድገሙት› ብለን ነው የምንጽፈው።»

«ሁለት ጊዜ ጻፉት» አለችና መሣሪያውን ወደ ራሷ ሳበችው። ጎኑን አየች። ንባቡን የሚያቆመው ቁልፍ ተጭኖ ኖሯል፤ የሽበቱ ክርን ሳይነካው አልቀረም። «ጋሼ፣ ይሄ መሣሪያ እያየ አይደለም። ያየውን እያስታወሰ ነው።»

ቁልፉን ለቀቀችውና ለኩ። ዜሮ ነጥብ ሠላሳ ስምንት። ዜሮ ነጥብ ሃምሳ አንድ። ሦስተኛውን ጠርሙስ ስታስገባ እጇ አየር ላይ ቀረ።

ያየውን እያስታወሰ ነው።

ስልኳን አወጣች። መቶ አራት። በዚህ ጊዜ ትልቁን ቁጥር ትታ ከሥሩ በደቃቅ ግራጫ የተጻፈውን አነበበች። መጨረሻ የደረሰው ንባብ፦ ከሦስት ሰዓት በፊት። በሕይወት ያለ ሰው ስኳር ሦስት ሰዓት ሙሉ መቶ አራት ላይ አይቆምም። ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ባይሆን በአንድ በሁለት ይንቀሳቀሳል። አማቷ ደግሞ ጠዋት ስኳር የሚያወርደውን የኢንሱሊን መርፌዋን ተወግታለች።

ቆጣሪው የማን እንደሆነ አይናገርም። እንዳይናገር አድርጋ የሠራችው ራሷ ናት። አራት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ያንኳኳው ሶፋው ጫፍ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ሳይሆን አልጋ ራስጌ ያለችው ሣጥን ብትሆንስ?

«ምነው? ፊትሽ ምን ሆነ?» አለ ሽበቱ።

«ጋሼ፣ ሦስተኛውን ይጨርሱልኝ።» ጋዋኗን ሳታወልቅ ቦርሳዋን አነሳች።

«ልድገመው?»

«ይድገሙት!» አለች ከኮሪደሩ።

የባሏ ስልክ ዝግ ነው። የአማቷ ይጠራል፣ ይጠራል፣ ይቋረጣል። ታክሲ ውስጥ ሆና አሥር ጊዜ ሞከረች። መንገዱ ማልያ በለበሱ ሰዎች ተሞልቷል፤ ጥሩምባ የሚነፋ አለ፣ በመስኮት ባንዲራ የሚያውለበልብ አለ።

«ለማን ነሽ እህቴ?» አለ ሹፌሩ በመስታወቱ እያያት። «ቀዩ ነው ሰማያዊው?»

«ለማንም። እባክህ ፍጠን።»

«የማንም ደጋፊ ያልሆነ ሰው ዛሬ ባይወጣ ይሻለዋል፤ መንገዱ እንደሆነ ይኸው ነው።» ፍሬኑን ረገጠ። ፊት ለፊታቸው መኪናው እንደ አጥር ተገትሯል።

ሒሳቡን ከፍላ ወረደችና በእግሯ መሮጥ ጀመረች። ስልኩን ለምን ዘጋ? ሰው በዚህ ቀን ስልኩን የሚዘጋው የት ሲሆን ነው? መልሱን እግሮቿ ቀድመው ያወቁት ይመስል ራሷን ባሏ የተወው መንገድ ላይ አገኘች፤ ከቤቲንግ ቤቱ ፊት። በመስታወቱ ውስጥ ወንዶች ትከሻ ለትከሻ ተፋፍገው ወደ ቴሌቪዥኖቹ አንጋጠዋል። ከመካከላቸው አንድ ሰማያዊ የሥራ ጃኬት አየች። ክርኑ ላይ የተጣፈ፣ የባሏ ዓይነት ጃኬት። እናትየው ቤት ብቻዋን ናት ማለት ነው።

ማለፍ ነበረባት። ገባች። ሰው እየገፋች ሄዳ ጃኬቱን ከኋላ ጨበጠችው። ሰውዬው ዞረ፤ ጢም ያለው፣ የማታውቀው ሰው።

«አቤት?»

«ይቅርታ… ሌላ ሰው መስለውኝ ነው።»

ከመስኮቱ ጀርባ ያለችው ሠራተኛ፣ «ምን ትኬት ልቁረጥልሽ የኔ እመቤት?» አለቻት። ድገሙት መልስ ሳትሰጥ ወጣች። እዚያ ውስጥ ያጠፋቻት ደቂቃ እስከ ቤት ድረስ ስትቆረቁራት ሄደች።

የሕንጻቸው ሊፍት ላይ «አይሠራም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ከወር በላይ ሆኖታል፤ ውሉ የሌላ ድርጅት ስለሆነ ባሏ እጁን ማስገባት አይችልም፤ ሲያልፍ ብቻ በሩን እንደ ታመመ በግ ይደባብሰዋል። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ወጣች። የቤቱ በር አልተቆለፈም።

«አንድ ጉንጭ ብቻ እማዬ። በቃ ይቺን።»

«ጠገብኩ አልኩህ! ጥጃ አደረግከኝ እኮ ማሙሽ።»

ድገሙት መኝታ ቤቱ በር ላይ ቆመች። አማቷ አልጋዋ ላይ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ጸጉሯ በላብ ርሷል፣ ትከሻዋ ላይ ፎጣ አለ። ባሏ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ስኳር የተበጠበጠበት ብርጭቆ ይዟል። ከጎኑ ያቺ ጣት እየተወጋ የምትለካው አሮጌዋ መለኪያ ተቀምጣለች።

«ስንት ነው?» አለች፤ ደህና ዋላችሁም አላለች።

«መጀመሪያ አርባ ዘጠኝ። ከስኳሩ በኋላ ሰባ አራት።»

«ድገመው።»

«ሩብ ሰዓት እስኪሞላ ብዬ ነው፤ አንቺው ነሽ ያስተማርሽኝ።» ሰዓቱን አየ፤ የእናቱን ጣት በቀስታ ወጋ። ሦስቱም መለኪያዋን አዩ። ዘጠና ስድስት።

ድገሙት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«እንዴት አወቅክ?»

«መሐረቧን ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች፣ መልሳ ታጥፋለች። ምን እየሠራሽ ነው ብላት ‹ባቡሩ እስኪመጣ ነው› አለችኝ።»

«ውሸቱን ነው» አለች አማቷ። «የምን ባቡር ነው እዚህ? ልጁ ኳስ ሲከለከል ወሬ ፈጠራ ጀመረ።»

«ስልክህስ? ስደውል ስደውል…»

«ዘግቼ የመሣሪያ ሣጥኔ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ከመፍቻዎቹ ሥር። ጨዋታው እስኪያልቅ አላወጣውም ብዬ።» እጁን በሱሪው ጠረገ። «ይልቅ ነጯ ሣጥን ለምን አልጮኸችም?»

«እኔ ነኝ የሷንም የስልኬንም ድምፅ ያጠፋሁት» አለች አማቷ። «እንደ ድመት ነው የምታላዝነው፤ እንቅልፍ ነሳችኝ። ድገሙት ስልኳ ላይ ታየው የለ? ታዲያ ሁለት ሰው ለምን ታስቸግራለች?»

«የመጣሽውም አይተሽ ነው አይደል?» አላት ባሏ።

አዎ ብትል ያልቅ ነበር። ድገሙት ሣጥኗን ከትራሱ ሥር ጎትታ አየቻት። መብራቷ አረንጓዴ ነው፤ ልክ እንደ አርብ። «መጣሁ» አለችና ወደ ሳሎን ሄዳ ኮምፒውተሩን ከፈተች። እሱም ተከትሏት መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ከታችኛው ፎቅ የቴሌቪዥን ድምፅ ይሰማል፤ ተጀምሯል። ቀኝ እግሩ መንቀጥቀጥ ያዘ።

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አለች ስክሪኑን እያየች። «ሣጥኗ የኛን መላሽ አትጠይቅም፤ ሲሠሯት ውጭ ያለ አንድ መላሽ ነው የነገሯት። የኔ ደንብ ጥያቄዋን እየጣለባት ነበር።»

«አርብ ማታ ሠርታ የለም እንዴ?»

«የፊተኛውን መልስ ይዛ ነበር፤ እስክትረሳው ድረስ መጠየቅ አላስፈለጋትም። ጠዋት ረሳች። ጠየቀች። የሚመልስላት የለም። እንደገና ጠየቀች።»

«አልደገምሽውም» አለ። ተንኮል አልነበረበትም።

«አልደገምኩትም።»

«ስንት ጊዜ ጠየቀች?»

«አራት መቶ ሠላሳ።»

«ቆጣሪውን አሁን ነው ያየሽው?»

«ከጠዋት ጀምሮ እያየሁት ነው።»

«ታዲያ ለምን…» አለና ቆመ። ድገሙት ፊቱን ሳታይ እንደገባው አወቀች። ከታች ፎቅ «ኦኦኦ!» የሚል ጩኸት ተነስቶ ወረደ፤ የሳተ ነገር አለ።

«አንተ መስለኸኝ ነበር» አለች። «ቤቲንግ ቤቱም ገብቼ ነበር። አንተን ፍለጋ። እናትህ እዚህ እንዲህ ሆና እኔ የሰው ጃኬት ይዤ እጎትት ነበር።»

ሄዶ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ ጠዋት በሐሳቧ ያስቀመጠችው ቦታ ላይ።

«አራት መቶ ጊዜ» አለ። «ለማኝ እንኳ አንድ በር ላይ አራት መቶ ጊዜ አይለምንም።»

«ስልክ አይደክመውም ብዬ ነው።»

«እኔን ግን ይደክመኛል።» መዳፎቹን ፊቱ ላይ አሻሸ። «አንዱ የኔ ነው።»

ዞረች።

«ጠዋት፣ አንቺ እንደወጣሽ። የስልኩን መላሽ ቀይሬ ሞከርኩ። አንድ ጊዜ። ከዚያ ነው የዘጋሁት።»

«የሰው አንድ ጊዜ ለስልክ አንድ አይደለም» አለች፤ ራሷን መያዝ አልቻለችም። «መልስ ሲያጣ ራሱ እየደጋገመ ይልካል። ከስምንት አያንስም።»

አያት። ከዚያ ሳቅ አመለጠው፤ አጭር፣ በአፍንጫ የወጣ ሳቅ። «እሺ፣ ስምንቱን እኔ ላይ ጻፊ። የቀረውን ለእናቴ መልሺላት።»

«ማሙሽ! ምንድን ነው የምትመልሱልኝ?» አለች አማቷ ከመኝታ ቤት።

«ምንም አይደለም እማዬ፣ ጠጪ!»

ድገሙትም ልትስቅ ነበር፤ አልመጣላትም። እሱም ወዲያው ተወው። «ግን ምን እንዳደረገኝ ታውቂያለሽ?» አለ እግሩን በእጁ ይዞ ለማቆም እየሞከረ። «‹አይሆንም› ቢለኝ እተወው ነበር። ያቺ ክብ ነገር ትዞራለች፣ ትዞራለች። አሁን ትከፍታለች፣ አሁን ትከፍታለች እያልኩ ፊቴን ሳልታጠብ ቁጭ አልኩ። ሊፍት ውስጥ የተያዘ ሰው ደወሉን ሲጫን አንድ ሰው ‹ሰምተናል፣ ትንሽ ይቆያል› ካለው ይቀመጣል። ስንቱን አውጥቻለሁ መሰለሽ። ማንም ካልመለሰለት ግን ጣቱ እስኪሰበር በሩን ይደበድባል። ሁለተኛውን ሰው ስታወጪው አያመሰግንሽም።»

ድገሙት ወደ ስክሪኑ ተመለሰች። «ለሣጥኗ ብቻ ቀዳዳ እከፍትላታለሁ። የሷ ቁጥር ይለፍ እላለሁ፣ ሌላው እንዳለ ይቆያል።»

«እንዳትከፍቺ።»

«ለምን?»

ወለሉን እያየ ተናገረ። «የሷን ቁጥር ስልኬ ላይ ጽፌ እሷን መስዬ አልፋለሁ። አሁን አይደለም፤ የሆነ ቀን። ገና ቀዳዳ ስትዪ እኮ ነው የታየኝ። ስለማውቀው ነው የምነግርሽ።»

አባብላ ልታወጣው የማትችለውን ነገር ሳትጠይቀው እጇ ላይ አኖረው። ድገሙት ምን እንደምትል ስላላወቀች ዝም አለች፤ ከዚያ ዝምታው ራሷን ስለቆረቆራት፣ «እሺ። አልከፍትም» አለች። «ስለነገርከኝ ደግሞ… እሺ።»

ደንቡን ከፈተችው። «ጣል» የሚለው ቃል ላይ ቆመች። ከሥሩ ያ አርብ የዘለለችው ሌላው አለ። «እምቢ በል»። ቀየረችው፣ አስቀመጠችው።

«ምን ይለውጣል?» አለ።

«እርግጠኛ አይደለሁም። እንደዚህ ያሉ ዕቃዎች መልስ ሲጠፋ ይጠብቃሉ። ሲከለከሉ ግን አንዳንዶቹ ዞረው የቤቱን መላሽ ይጠይቃሉ።»

«ካልዞረችስ?»

«ካልዞረች ዛሬ እዚህ ቁጭ ብዬ በየሰዓቱ ጣቷን እወጋለሁ። ቀዳዳ ግን አልከፍትም።»

ሄዳ ሣጥኗን አመጣችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻት። ሁለቱም ጎንበስ ብለው አዩዋት። ለጊዜው ምንም አልሆነም። ከዚያ አረንጓዴው መብራት ጠፋ፣ በራ፣ ጠፋ፣ በራ። ሣጥኗ ውጭ ያለውን ጠየቀች፤ አይሆንም ተባለች፤ ዞራ መደርደሪያው ላይ ያለውን አሮጌ ላፕቶፕ ጠየቀች፤ ነገራት። የድገሙት ስልክ ኪሷ ውስጥ ተንቀሳቀሰ። መቶ አንድ።

ባሏ ቀና አለ። ድገሙት ግን ገና አልተነሳችም። ጠቋሚውን ወደ ቆጣሪው ወሰደችው። አራት መቶ ሠላሳ ስድስት ደርሷል።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ላጠፋው።»

«ተዪው እንጂ። እኔ እኮ ግድ የለኝም፤ ይልቅ የሚያየኝ ሲኖር…»

«ማንን እንደሚቆጥር የማያውቅ መሣሪያ መሥሪያ ቤት ቢመጣ በመስኮት ነው የምወረውረው። እሱን አምኜ ነው ዛሬ ያልደወልኩልህ።» ተጫነችው። ቆጣሪው ከነቁጥሩ ጠፋ። «ማወቅ ስፈልግ አንተኑ እጠይቅሃለሁ።»

«ብዋሽሽስ?»

«ደግሜ እጠይቅሃለሁ።»

በዚህ ጊዜ ሕንጻው ተንቀጠቀጠ፤ ከታች፣ ከጎን፣ ከመንገድ፣ ባዶ ፎቅ የሌለ ይመስል ሰው ሁሉ ጮኸ። ጥሩምባ ተነፋ። ባሏ ከሶፋው ግማሹን ተነስቶ ቆመ፤ ፊቱ ወደ መስኮቱ፣ እጆቹ ባዶ።

«ማን አገባ?» አለች አማቷ ከመኝታ ቤት።

«አላውቅም እማዬ» አለ።

መልሶ ተቀመጠ። እግሩ ይንቀጠቀጣል። ድገሙት ከጎኑ ሄዳ ተቀመጠች፤ ስልኳን በሁለቱ መካከል ሶፋው ላይ አኖረችው፣ እሱም እንዲያየው አድርጋ። መቶ አንድ ይላል፤ ከሥሩ በግራጫ፣ አሁን። ጩኸቱ በረደ፣ መልሶ ተነሳ፣ በረደ። አምስት ደቂቃ ሞላ።

መቶ ሰባት።